ዘፋኝ «የራሱ ቀለም አለው» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳው ሀገር ፍቅር ቴአትር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ቴአትር የሚወርድ ሰው የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ግማሹን በእግሩ ያዳርሰዋል። በዚሁ ሰፈር ካፌዎች ስለ ዘፋኞች ቀለም፣ ማለትም አንዱን ከሌላው ስለሚለየው ድምፅና አዘፋፈን፣ ሲወራ ግን የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ፤ አብዛኞቹ ውኃ አያነሡም።

«የደንብ ልብስ ለብሶ የሚዘፍን ሰው የራሱ ድምፅ አይኖረውም።»
ከሁሉም የራቀው ይህ ነው። በንጉሡ ዘመን ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤት ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ አለቃም አለው። ጥላሁን ገሠሠ የገነነው በክብር ዘበኛ ነው፤ ክብር ዘበኛ ከመራው የታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የታሰረውም በዚሁ ሰበብ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ወደ ቴአትር ቤት፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ እየተዘዋወረ ሳክስፎን ነፋ። የነፋው ሽለላ ነው። ሽለላ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ የአባቶች ነው። የእርሱ የሆነው ሳክስፎኑን እንደ ፎካሪ ጉሮሮ ማስጮኹ ነው፤ ድምፁን ይጎትተዋል፣ ያሻክረዋል፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ይይዘዋል። ሁለት ስንኝ ያህል የሰማ ሰው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

«ዓለማየሁ እሸቴ ኤልቪስን የቀዳ ነው።»
ጸጉሩና አለባበሱ፣ አዎ፤ እርሱም አልደበቀውም። ድምፁን የሚያርገበግብበትና ዜማውን የሚሰብርበት መንገድ ግን የዚህ አገር ነው። ደግሞም ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት በሕግ የሀገር ፍቅር በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ሕጉን ጥሶ መጀመሪያ ያሳተመው የዚህኑ «ቀጂ» ሸክላ ነው።

«ትዝታ ሁሉ አንድ ነው።»
ቅኝቱ አንድ ነው፤ ስንኞቹም ብዙውን ጊዜ የጋራ ናቸው። የማሕሙድ አሕመድና የአስቴር አወቀ ትዝታ ግን አይምታታም። አድማጭ አዲስ ዜማ ፍለጋ አይመጣም፤ የሚጠብቀው ዘፋኙ የቱ ላይ እንደሚያዘግምና የትኛውን ቃል እንደሚያስረዝም ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል፤ ግጥሙን የሚሰጠው እንግዳው ነው፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያወጣዋል። ቃሉ የሰው ሆኖ ጨዋታው የእርሱ ይሆናል።

«የድሮዎቹ ሁሉ ይለያዩ ነበር፤ የዛሬዎቹ አንድ ናቸው።»
የዛሬው መመሳሰል እኔንም ያሰለቸኛል፤ በተለይ በማሽን ተሞርዶ ለስልሶ የሚወጣው ድምፅ። ነገር ግን በካሴት ዘመን ሮሃ ባንድ ስንቱን ዘፋኝ አጅቧል! ዘፋኙ ሲቀየር ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ያው ነበሩ። ደካሞቹ ካሴቶች ተረስተው ምርጦቹ ብቻ ስለቀሩ ዘመኑ ሁሉ ወርቅ ይመስለናል።

«ልዩ ዘፋኝ ሥራውን ብቻውን ይሠራዋል።»
የማንኛውንም አሮጌ ካሴት ሽፋን መገልበጥ ይበቃል፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ፎቶው የዘፋኙ ብቻ ስለሆነ ወቀሳውም ምስጋናውም ለእርሱ ይሄዳል፤ ሙዚቃዎቹን ያመሳሰላቸው ግን ብዙ ጊዜ ሦስተኛው እገሌ ነው።