«ለአንድ ፓምፕ ስንት ክዳን?»

ከጎንደር ወደ ደምቢያ ማሳዎች በወረድኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ለአንድ ፓምፕ ስንት ክዳን?» የሚል ነው፤ በጀርባ በሚታዘል አንድ መርጫ ውኃ ውስጥ ስንት የጠርሙስ ክዳን የአረም መድኃኒት ይጨመር ማለታቸው ነው። በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አላስታውስም።

«አንድ ክዳን ይበቃል» ለሚሉ ሰዎች በመጀመሪያ የምነግራቸው ክዳን መለኪያ አለመሆኑን ነው። ባለፈው ክረምት ከአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር ያገኘኋቸውን ሦስት የኬሚካል ጠርሙስ ክዳኖች በሲሪንጅ ውኃ እየሞላሁ ስለካቸው አንዱ 10፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 35 ሚሊ ሊትር ያዙ፤ ባለቤቱ ግን ሦስቱንም «አንድ ክዳን» ነበር የሚሏቸው። ዋናው ስህተት ግን ከዚህ ይብሳል። የአረም መድኃኒት መጠን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በመሬቱ ስፋት እንጂ በፓምፑ ቁጥር አይደለም። በጤፍ ውስጥ ለሚበቅል ሰፊ ቅጠል አረም የተገዛ ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የሚባል መድኃኒት በመለያው ላይ «በሄክታር 1 ሊትር» የሚል ከሆነ፣ ለሩብ ሄክታር ጥማድ የሚገባው 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ረጪው ፈጥኖ ቢሄድም ቢያዘግምም ይህ አይለወጥም።

የሚለወጠው ውኃው ነው። ስለዚህ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ በገመድ ለክታችሁ፣ እዚያው በታረሰው ማሳ ላይ (በደልዳላ ሜዳ የሚሄዱበት ርምጃ ሌላ ነው) ንጹሕ ውኃ ብቻ ርጩ፤ ከዚያም የጎደለውን በጆግ እየለካችሁ ሙሉ። 2 ሊትር ከጎደለ ለሄክታር 200፣ ለጥማዱ 50 ሊትር ውኃ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ባለ 15 ሊትር ፓምፕ ሦስት ጊዜ ይሞላና 5 ሊትር ይተርፋል፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ ፓምፕ 75፣ ለመጨረሻዋ 5 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር ሲጨመር ድምሩ 250 ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚሄድና 4 ሊትር የሚጨርስ ሰው ግን ለዚያው ጥማድ 100 ሊትር ስለሚፈጅ፣ ለሙሉ ፓምፕ የሚገባው 37.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህ ሰው የጎረቤቱን 75 ቢዋስ በማሳው ላይ እጥፍ ያፈሳል።

እንዲህ ያደረጉ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ። መድኃኒቱን ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፓምፕ ረጭተው የታናሽየው ጤፍ ደህና ሆኖ የታላቅየው ተጠማዞ ቆመ። «እኔ እኮ ያደረግሁት ወንድሜ እንዳደረገው ነው» አሉኝ ታላቅየው፤ እውነታቸውን ነበር፣ ርምጃቸው ብቻ የወንድማቸው አልነበረም።

አንዳንድ መለያ መጠኑን በሄክታር ሳይሆን «ለ100 ሊትር ውኃ» ብሎ ይሰጣል። ያኔ ስሌቱ በውኃው ነው፤ እባካችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት መለያውን አንብቡ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ አንብቡለት።

«ሲበዛ ይፈውሳል» የሚለው ሐሰት ነው፤ ሲበዛ ሰብሉን ያቃጥላል፣ ገንዘብ ያባክናል።

«የዱቄት መድኃኒቱን ፓምፑ ውስጥ በቀጥታ መጨመር ይቻላል» የሚሉም አሉ። በጥቂት ውኃ በባልዲ ካልተበጠበጠ ጓጉሎ የፓምፑን አፍንጫ (ርጭቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ) ይደፍናል።

«ውኃ ውኃ ነው» ማለትም አያዋጣም። ከዝናብ በኋላ ከመገጭ ወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውኃ ራውንድ አፕ ለሚባለው አረም ማጥፊያ አይሆንም፤ መድኃኒቱ በጭቃው ላይ ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ አረሙ ሳይሞት የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«አንድ ጊዜ ከለካሁ ጨረስኩ» የሚል ሰውም አፍንጫው በአገልግሎት እየሰፋ ብዙ እንደሚያፈስ አይርሳ። በየእርሻ ወቅቱ መጀመሪያ፣ እንዲሁም ረጪው ወይም አፍንጫው በተቀየረ ቁጥር፣ ያችን 10 በ10 ሜትር ደግማችሁ ርጩ። ለመድኃኒቱም ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝታችሁ፣ መርፌውን አውጥታችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ከፓምፑ ጋር አስቀምጡት፤ ለሌላ ነገር ግን ፈጽሞ እንዳይውል።