የሃንግ ግላይዲንግ ደረጃ መንጃ ፈቃድ አይደለም

ሃንግ ግላይደር ሞተር የለውም። በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ ሸራ የተወጠረበት ክንፍ ነው። አብራሪው ከስሩ ተንጠልጥሎ ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ይነዳዋል። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያላችሁ ፎርት ፈንስተን ላይ ከገደሉ ጫፍ ሲነሱ አይታችሁ ይሆናል። «እነዚህን ሰዎች ማን ፈቀደላቸው?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። የአሜሪካውን አሠራር ይዤ አንዳንዱን ላስተካክል።

«ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው።»

አይደለም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍል 103 የሚባል ደንብ አለው። በደንቡ መሠረት ሞተር የሌለውና ከ155 ፓውንድ፣ ማለትም ከ70 ኪሎ ገደማ በታች የሚመዝን ክንፍ ለማብረር ፈቃድ አያስፈልግም። ክንፉም አይመዘገብም። የአብራሪውን የችሎታ ደረጃ የሚሰጠው የአሜሪካ ሃንግ ግላይዲንግና ፓራግላይዲንግ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ደግሞ የአብራሪዎቹ የራሳቸው ነው።

«እንግዲያው ደረጃ ባይኖረኝም ችግር የለም።»

ሕጉ አይከለክላችሁም፤ መሬቱ ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱ ገበሬ፣ ከተማ ወይም ብሔራዊ ፓርክ ሊሆን ይችላል። አደጋ ቢደርስ እንዳይከሰስ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፣ ማን እንደሚበርም ማወቅ ይፈልጋል። ዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ግላሲየር ፖይንት ከሚባለው አፋፍ መነሳት የሚችለው ኤች-4 የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ያለው የማኅበሩ አባል ብቻ ነው። እሱም በጠዋት፣ ሸለቆው ሞቆ አየሩ ሳይናወጥ ነው የሚበረው።

«ኤች-4 ያለው ሰው ሁሉን ይችላል።»

ደረጃው ከኤች-1 እስከ ኤች-5 ይሄዳል። ኤች-4 ላይ ለመድረስ 250 በረራና 80 የበረራ ቀን ያስፈልጋል፤ ቀላል አይደለም። ግን ዕድሜውን ሙሉ ከተራራ እየሮጠ የተነሳ ሰው በትንሽ አውሮፕላን ተጎትቶ መነሳትን አያውቅም። ለዚያ ለብቻው ተፈትኖ ይፈረምለታል። ከገደል አፋፍ መነሳትም እንዲሁ።

«ልምድ ያለው ሰው የጀማሪ ፍተሻ አያስፈልገውም።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ አንድ ግዴታ አለ፦ ልትነሳ ስትል ከክንፉ ጋር መታሰርህን አረጋግጥ። አደጋው እንዴት እንደሚመጣ ተመልከቱ። አብራሪው ታስሮ ነፋስ ይጠብቃል። የራስ ቁሩን መኪና ውስጥ እንደረሳው ትዝ ይለዋል። ካራቢነር የሚባለውን የብረት መቆለፊያ ፈትቶ ይሄዳል። ተመልሶ ክንፉን ያነሳል። ቅድም ታስሮ ስለነበር አሁንም የታሰረ ይመስለዋል። ነፋሱ ጥሩ ነው፤ ይሮጣል። ክንፉ ይነሳል፣ እሱ ግን የተንጠለጠለው በእጁ ብቻ ነው። ይህ የሚደርሰው በጀማሪ ብቻ አይደለም። መከላከያው ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፦ ከመሮጡ በፊት ክንፉን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ። የእግር ማሰሪያው ጭኑን ጨምድዶ ከያዘው ታስሯል። ካልያዘው አልታሰረም። ኤች-5 ያለውም ሁልጊዜ ያደርገዋል።

«ጎበዝ አብራሪ ማስተማር ይችላል።»

አስተማሪነት ሌላ ሙያ ነው፤ ማረጋገጫውም ሌላ ነው። የአስተማሪዎች ሥልጠና መውሰድ፣ ከነባር አስተማሪ ጋር መሥራት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ማወቅ ይጠይቃል። ጊዜው ሲያልቅም ይታደሳል። ኤች-5 ያለው ግን ይህ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ለጀማሪ የኤች-1 ደረጃ መፈረም አይችልም። ይሄ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የለመደ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገውን ነገር ለፈራ ተማሪ ማስረዳት ያቅተዋል።

«ፓራግላይዲንግ ስለምችል ይሄኛውም ተፈቅዶልኛል።»

አይሠራም። ፓራግላይደር እንደ ፓራሹት ያለ፣ ቱቦ የሌለው የጨርቅ ክንፍ ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ደረጃ አላቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም።

«ታንደም ሽርሽር ነው።»

ታንደም ሁለት ሰው በአንድ ክንፍ ሲበር ነው። ክፍል 103 የሚፈቅደው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው አብሮ የሚበረው በልዩ ፈቃድ፣ ለትምህርት ተብሎ ነው። ስለዚህ ለእረፍት ሄዳችሁ 15 ደቂቃ ብትበሩም በወረቀት ተማሪ ናችሁ። አብሯችሁ የሚበረው ሰው ደግሞ የታንደም አስተማሪ መሆን አለበት። ክንፉ ስር ከመግባታችሁ በፊት ማረጋገጫውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ደህና አስተማሪ አይቀየምም፤ አውጥቶ ያሳያችኋል።