ክብደት ቅነሳ፦ የተለመዱ የተሳሳቱ እምነቶችና ልማዶች

ክብደት ለመቀነስ የሚነሳ ሰው ሊያጠፋው የሚፈልገው ስቡን ነው። ሚዛን ግን ስቡን፣ ውሃውን፣ ጡንቻውንና አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብ አንድ ላይ ነው የሚመዝነው። ስለ አመጋገብ ከሚናፈሱት ወሬዎች ብዙዎቹ የሚወለዱት ከዚህ መምታታት ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንውሰድ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ያህል ውሃ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት በድንገት ሲቀነስ ክምችቱ ይሟጠጥና ውሃው በሽንት ይወጣል፤ በጥቂት ቀናት 1 ወይም 2 ኪሎ ይወርዳል። ዳቦና ሩዝ እንደተበላ ግን ይመለሳል። «የሚያወፍረው ካርቦሃይድሬት ነው» የሚለው እምነት የሚጠናከረው ያኔ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሎ ነበር። ከምግባቸው ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ወረዱ፤ ሚዛን የሚደፋ ልዩነት አልተገኘም። ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥም የሚያወጣው ላብ እንጂ ስብ አይደለም። የሆድ ስፖርት ጡንቻውን ያጠነክራል፤ ቦርጩን ለይቶ አያቀልጥም።

«በጣም ትንሽ ነው የምበላው፣ ሰውነቴ ግን ስቡን አልለቅ አለ» የሚለው ቅሬታ በቅጡ መታየት አለበት። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ በተደረገ ሙከራ 36 ወንዶች ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ 24 ሳምንት ቆዩ። ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበት ቀነሰ፤ ክብደታቸው ግን ሩብ ያህሉን አጣ። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ታዲያ ችግሩ የት ነው? በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህንኑ ቅሬታ ያቀረቡ ሰዎችን ሲመረምር፣ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አጋንነው መናገራቸውን አገኘ። ዋሽተው አልነበረም፤ ዓይንና ትዝታ መጥፎ መለኪያ ስለሆኑ ነው።

ዋናው ተጠያቂ ብዙ ጊዜ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጠርሙሱ በግምት የተንቆረቆረ ሁለት ማንኪያ ትርፍ ዘይት፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ የሚያቃጥለውን ያህላል። ለስላሳ መጠጥና ጭማቂም እንዲሁ ሳይቆጠሩ ያልፋሉ። ለሁለት ሳምንት ዘይቱን በማንኪያ፣ ሌላውን በኩሽና ሚዛን ለክቶ፣ ከመብላት በፊት መጻፍ ይበቃል። ከበሉ በኋላ የሚጻፍ ይረሳል።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በቀን 500 ካሎሪ መቀነስ መጀመሪያ ላይ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ያወርዳል፤ የቀለለ አካል የሚያቃጥለው ስለሚያንስ ኋላ ላይ ይቀዘቅዛል። ቁርስ መዝለል፣ ምግብን ስድስት ቦታ ከፋፍሎ መብላት፣ ከምሽት 12 ሰዓት በኋላ አለመብላት የቀኑን ድምር ካልቀየሩ ብዙም ለውጥ አያመጡም። የሎሚ ውሃ ስብ አያቀልጥም፤ የሚጠቅመው የጣፋጭ መጠጥን ቦታ ሲይዝ ነው።

መቸኮል ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ጡንቻ ይመነምናል፣ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች መብላት ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከርም፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችም አመጋገባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

መመዘን ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀመስ ነው። ጨው የበዛበት እራት ወይም የወር አበባ ውሃ ስለሚያስይዝ፣ የሚነጻጸረው የሳምንቱ አማካይ ነው። ወገብ ሲለካ ሜትሩ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያርፋል፤ ቁጥሩ የሚነበበው ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ነው።