የፖርቶ ሪኮዋ ቶዲ

ቶዲ በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ላይ ብቻ የሚገኝ የጥቃቅን ወፎች ወገን ሲሆን፣ ከአምስቱ ዝርያዎች አንዷ የፖርቶ ሪኮ ብቻ ናት። ቁመቷ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም 6 ግራም ያህል ነው። የአገሩ ሰዎች በፍቅር «ሳን ፔድሪቶ»፣ ማለትም «ትንሹ ቅዱስ ጴጥሮስ» ይሏታል። ሳይንሳዊ ስሟ ግን የቆየ ስሕተት ነው፤ በ1838 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሬኔ ፕሪምቬር ሌሶን ከሜክሲኮ የመጣች መስሎት «ቶዱስ ሜክሲካኑስ» ብሎ ሰየማት፤ የስም አወጣጥ ሕጉ ቀድሞ የወጣውን ስም ስለሚያጸና፣ ሜክሲኮን ረግጣ የማታውቅ ወፍ እስከ ዛሬ በዚሁ ትጠራለች።

ጀርባዋ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ፣ ጉሮሮዋ ደማቅ ቀይ፣ ደረቷ ነጣ ያለ፣ ጎኖቿ ቢጫ ናቸው። ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ረጅምና ጠፍጣፋ ምንቃሯን ወደ ሰማይ ቀና ታደርግና ከበላይዋ ያሉትን ቅጠሎች ከሥር ትቃኛለች። ነፍሳት ያየች እንደሆነ ሽቅብ ትወረወራለች፤ ከቅጠሉ ሆድ ለቅማም በዚያው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ትሻገራለች። መልኳ ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል፣ በኤል ዩንኬ ደን ውስጥ የሚፈልጋት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኖሯን የሚያውቀው በድምፅዋ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጎጆ አሠራሯ ነው። እንዲህ ያለች ሚጢጢ ወፍ ዛፍ ላይ የምትሠራ ይመስላል፤ እሷና ወንዱ ግን በምንቃራቸውና በእግራቸው የአፈር ገደል እየቦረቦሩ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ ጠባብ ዋሻ ይቆፍራሉ፤ በመጨረሻው ላይ ያለችው ክፍል ነጫጭ እንቁላሎቹ የሚቀመጡባት ናት። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለቱም ወላጆች ከንጋት እስከ ምሽት ይመላለሳሉ፤ አንዲት ጫጩት በቀን እስከ 140 ጊዜ ምግብ ልትቀበል ትችላለች። ሴቷ በመራቢያው ወቅት ጉልበቷን ለመቆጠብ የሰውነቷን ሙቀት አብዝታ ዝቅ አድርጋ መፍዘዝ እንደምትችልም ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ቶዲ ዛሬም በደሴቲቱ በብዛት ስለምትታይ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አትመደብም። ዋሻዋ ግን ከመሬት ብዙ የማይርቅ በመሆኑ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሸንኮራ እርሻዎች አይጥ እንዲያጠፋ ከውጭ የገባው ሞንጉዝ የተባለ ሥጋ በል እንስሳ አፈሩን ጭሮ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን ይበላባታል።