ሮም ለአበሻ እግርና ለአበሻ ሆድ

ሮምን ልጎብኝ ለሚል ሰው በአማርኛ የተሰናዳ ደህና መመሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም። በሌላ ቋንቋ የተጻፈው ሞልቷል፤ ግን የእኛን ጥያቄ አይመልስም። የትኛው ፓስታ አሳማ አለበት? በጾም ምን ይበላል? አበበ ቢቂላ የሮጠው በየት በኩል ነው? ይህ ዳሰሳ የተጻፈው እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ስለሆነ ሚዛኑ ወደ አንድ በኩል ያጋድላል። ስለ ቄሳሮች ያልተባለ ነገር ስለሌለ እነሱ ጋ ብዙ አንቆይም። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና አካሄዱ

ሮም የጣሊያን ዋና ከተማ ናት። ቲበር ወንዝ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በአፈ ታሪክ የተቆረቆረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 ነው ይባላል። ኤፕሪል 21 እስከ ዛሬ ልደቷ ሆኖ ይከበራል። ቫቲካን የሚባለው ሌላ አገርም በውስጧ አለ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮም በቀጥታ ይበራል። የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው። ከዚያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ጣቢያ ያደርሳል። መሐል ከተማው በእግር ያልቃል። መንገዱ ግን ኮብልስቶን ነው። የአዲስ አበባውን የሚያውቅ ሰው ታኮ ጫማ ይዞ አይሄድም።

ለመጀመሪያ ጉብኝት ሦስት ቀን ይበቃል። አንዱ ለኮሎሲየምና ለአካባቢው፣ አንዱ ለቫቲካን፣ አንዱ ደግሞ ለፓንቴዮን፣ ለትሬቪ ምንጭና ለመብላት። ኮሎሲየም በ80 ዓ.ም. በቄሳር ቲቶ ዘመን ተመረቀ። ትኬቱ ሰዓት የተቆረጠለትና ስም የተጻፈበት ነው፤ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያው ትኬት ፎሮ ሮማኖና ፓላቲኖ ኮረብታም ይገባል። ፓንቴዮን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ዛሬ ያለውን ቅርጽ የያዘው በቄሳር አድሪያኖስ ዘመን፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ነው። ያለ ብረት፣ በኮንክሪት ብቻ ከተሠሩ ጉልላቶች እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። አናቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ይዘንባል። ድሮ በነጻ ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል።

የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ግን ክፍትና ነጻ ነው። ነጻ ነው ብሎ የሚሄድ ሰው ሰልፉን ሲያይ ሐሳቡን ይቀይራል። ቦርጌዜ ጋለሪ ያለ ቀጠሮ አያስገባም፤ የሚሰጠውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። በር ላይ ሻርፕ ሲገዙ የሚታዩ ቱሪስቶች ብዙ ናቸው። ቦርሳዋ ውስጥ ነጠላ ያላት ሴት ይህ አያሳስባትም።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ

የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግንባታ በ1506 ተጀምሮ በ1626 ተመረቀ። ጎብኚው ሁሉ ፒዬታ የተባለውን የማይክል አንጀሎ ሐውልት ለማየት ይጋፋል። ከመግባታችሁ በፊት መካከለኛው የነሐስ በር ጋ ትንሽ ቁሙ። በሩን ፊላሬቴ የተባለው ባለሙያ በ1445 ጨርሶታል፤ ከአሮጌው ባሲሊካ የተረፈ ነው። በላዩ ከተቀረጹት ትንንሽ ሥዕሎች መካከል በፍሎረንስ ጉባኤ ጊዜ፣ በ1441፣ ከግብጻውያን ጋር የመጡት መነኮሶቻችን አሉበት። መመሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ይዘሏቸዋል።

ከባሲሊካው ጀርባ ደግሞ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ አለ። ጣሊያኖች ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በጣም ጥንታዊ ነው። ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብዙዎች ዓመቱ 1479፣ ሰጪውም ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ነው ይላሉ፤ ሌላም የሚሉ አሉ። ጥርጥር የሌለው ነገር፣ አዲሱ ባሲሊካ ሲሠራ በዙሪያው ያለው ብዙ ነገር ሲፈርስ ይህ መትረፉ ነው።

የግዕዝ ማተሚያ ታሪክ የሚጀምረው እዚሁ ግቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የመነኮሳቱን ጸሎት ሰማ። ቋንቋው ከለዳውኛ መሰለው። ተማረውና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ውስጥ በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው፤ የቋንቋውን ስም ቢሳሳትም ውለታው ትልቅ ነው። ከዚያ ከደብረ ሊባኖስ የተነሡት አባ ተስፋ ጽዮን መጡ። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በመጨረሻው ገጽ ስለ ግድፈቱ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ነገሩ ባጭሩ፣ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አንችልም፣ ዕውር ለዕውር ተረዳዳን ነው።

መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ለሥራ ሮም መጥቶ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሚግባቡት በግዕዝ ነበር። ከዚያ ወዳጅነት የሉዶልፍ የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ወጡ። የአማርኛው የታተመው በ1698 ነው። ማለትም ይህ የምታነቡት ቋንቋ መጀመሪያ በኅትመት ሰዋስው የተበጀለት ከዚህ ትውውቅ ተነሥቶ ነው።

በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በኋላም በቫቲካን አትክልት ውስጥ አሁን ያለበት ሕንፃ ተሠራለት። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የራሱ ኮሌጅ ያለው አገር ስንት ነው? ወደ አትክልቱ መግባት የሚቻለው በቀጠሮ ነው። ያልተሳካለት ሰው ወደ ባሲሊካው ጉልላት ይውጣ። ደረጃው 551 ነው፤ በሊፍት ለጀመረ ወደ 320 ይቀንስለታል። ከላይ ወደ አትክልቱ ሲያዩ የኮሌጁ ሕንፃ ይታያል።

የአበበ መንገድ

ሮምን በአንድ ከሰዓት ብቻ የሚያይ አበሻ ይህችን መንገድ ይሂድ። መነሻው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ላይ ያለው፣ ማይክል አንጀሎ የነደፈው አደባባይ ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አመሻሹ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን የተነሣው ከዚህ ሥር ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ይውላል፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ነበር። ጫማው ስላልተመቸው ነው የሚሉ አሉ፤ ሲለማመድም በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ሩጫው ከከተማ ወጥቶ በጥንታዊው አፒያ መንገድ ተመለሰ። መሽቶ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆሙ። ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ያኔ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበ ያን ሲያይ አብሮት ይሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ራዲን ጥሎት ሄደ። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አበበ ቅስቱ ሥር ሲደርስ ሰዓቱ 2፡15፡16 ይል ነበር። ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ነው።

ሐውልቱ ዛሬ የለም። 24 ሜትር ገደማ ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ነው። ፋሺስቶች በ1937 ወስደው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት ለፊት አቆሙት። ያ ሕንፃ አሁን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ጣሊያን በ1947 ልትመልሰው ፈርማ ነበር። በ2002 መብረቅ መታው፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። አደባባዩ ላይ አሁን በአሜሪካው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት አምዶች አሉ።

ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት ናቸው። መታሰቢያቸው የግብጽ ሐውልት ነው፤ ዛሬ ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እዚያው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በ1938 ዘርአይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው በዚህ አካባቢ ነው። ስንት ሰው እንደጣለ የእኛ ትረካና የጣሊያን ሰነድ አይስማሙም።

የሚበላው

ሮም አራት ታዋቂ ፓስታዎች አሏት። ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ፣ ካቾ ኤ ፔፔ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ አለባቸው። ጓንቻሌ በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ነው። አማትሪቻና ቀይ ስለሆነ የቤታችን ስጎ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው በእሱ ነው። አራተኛው ፎርማጆና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው።

አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ሙስሊምም በጣም የሚመቸው ሰፈር የአይሁዶቹ ጌቶ ነው። በ1555 ጳጳሱ ጳውሎስ 4ኛ ያጠረው ሰፈር ነው፤ እስከ 1870 ቆየ። ዛሬ በፖርቲኮ ዶታቪያ ጎዳና ላይ ኮሸር ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ካርቾፊ አላ ጁዲያ እዘዙ። አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ነው፤ በዘይት ሁለቴ ተጠብሶ እንደ ቺፕስ ይንኮሻኮሻል። ጾምም ነው።

ስለ ጾም ካነሣን፣ ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ ፎርማጆ አይነካውም። ጎመን የሚመስለው ቺኮሪያ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ይቀርባል። ለአስተናጋጁ «ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ፎርማጆ»፣ ማለትም ያለ ሥጋ፣ ያለ ፎርማጆ፣ ማለት ይረዳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ እንተወዋለን። ኦገስት 15 አካባቢ፣ እኛ ፍልሰታን ስንጾም፣ እነሱ ፌራጎስቶን ያከብራሉ። ብዙ የሰፈር ምግብ ቤት ያኔ ዘግቶ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል።

ለሥጋ ወዳጅ ቴስታቾ አለ። የከተማዋ ቄራ እስከ 1975 እዚህ ነበር። ጥሩው ሥጋ ለጌቶች ሲሄድ ጨጓራው፣ አንጀቱና ጭራው ለሠራተኛው ይቀር ነበር። ያን አምስተኛው ሩብ ይሉታል። ትሪፓ አላ ሮማና ጨጓራ በቲማቲም ነው፤ ባህሉም የቅዳሜ ነው። ዱለት ያደገበት ሰው አይደነግጥም። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ኮረብታም አፈር ሳይሆን ገል ነው። የጥንት ሮማውያን የዘይት እንስራዎች ተሰብረው ተከምረው ነው 35 ሜትር ገደማ የሆነው።

ምሳ ከ12፡30፣ እራት ከ19፡30 በኋላ ነው፤ በአውሮፓ ሰዓት። መሐሉ ላይ የራበው ሰው በሚዛን የሚሸጥ ቁራጭ ፒሳ ወይም ሱፕሊ የሚባለውን የተጠበሰ ሩዝ ይበላል። ሱፕሊ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ስላለው መጠየቅ ነው። ሒሳብ ሲመጣ የዳቦ ወይም የአገልግሎት የሚል መስመር ሊኖርበት ይችላል፤ እዩት። ውኃ አትግዙ። ናሶኒ የሚባሉት የመንገድ ቧንቧዎች ከ1874 ጀምሮ ቀን ከሌሊት ይፈስሳሉ።

ቡና በመቆም ይጠጣል፤ ከተቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ብለን ከእነሱ የወሰድነው ቃል እዚያ ሌላ ነገር ነው። በትንሿ ስኒ ወተት ጠብ የተደረገበት ኤስፕሬሶ ይመጣል፤ ሁለቴ ፉት ካሉት ያልቃል። የአዲስ አበባውን የሚመስል የፈለገ ካፑቺኖ ይበል። ላቴ ያለ ሰው ደግሞ ነጭ ወተት ብቻ ይቀርብለታል።

በሦስተኛው ቀን ፓስታ የሰለቸው ሰው ወደ ቴርሚኒ ይመለስ። በጣቢያው ዙሪያ ባሉ መንገዶች የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ሽሮ፣ ጥብስ፣ የጾም በያይነቱ ይገኛል። ከአንዳንዶቹ በር እስከ ዶጋሊ ሐውልት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።