አይሶፕሪን ምንድን ነው? የደን ዓይነት ሲቀየር አየሩስ ለምን ይቀየራል?

አይሶፕሪን ብዙ ዛፎች በቅጠላቸው በኩል የሚለቁት፣ ለዓይን የማይታይ ጋዝ ነው። አምስት የካርቦንና ስምንት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ያሉት ትንሽ ሞለኪውል ቢሆንም መጠኑ ግን የሚናቅ አይደለም። የምድር ዕፅዋት በዓመት 500 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይለቃሉ፤ ይህም ከሰውና ከተፈጥሮ ምንጮች ተደምሮ ከሚወጣው ሚቴን ጋር ይቀራረባል።

የጥድ ቅጠል በጣት ሲታሽ የሚሸተው አይሶፕሪን ሳይሆን ዘመዱ ሞኖተርፒን ነው። ሞኖተርፒን በሙጫው ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚቆይ አየሩ እስከሞቀ ድረስ ሌሊትም ይተናል። አይሶፕሪን ግን ጎተራ የለውም፤ ቅጠሉ በብርሃን ሠርቶ ወዲያው ይለቀዋል። አንድ የፖፕላር ዛፍ ቅጠል ግልጽ የመለኪያ ሳጥን ውስጥ አስገብተው መብራቱን ቢያጠፉት ልቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሙቀቱ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ ልቀቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ 40 ዲግሪ አካባቢ ጣሪያውን ነክቶ ከዚያ ያሽቆለቁላል። ዛፉ ካርቦኑን እንዲህ የሚያወጣው በዋናነት ቅጠሉን ከድንገተኛ ሙቀት ለመጠበቅ እንደሆነ ይታሰባል።

ሁሉም ዛፍ ግን እኩል አይለቅም። ኦክ፣ ፖፕላር፣ አኻያ፣ ባሕር ዛፍና የዘይት ዘንባባ ብዙ ይለቃሉ፤ ሜፕል ከነዚህ ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በሄክታር ብቻ የሚቆጠር የደን ሽፋን ያሳስታል። በቦርኒዮ ደሴት በተደረገ ልኬት፣ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ የዘይት ዘንባባ በተተከለበት መሬት ላይ የአይሶፕሪን ልቀቱ ከደኑ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ያው ደን ተመንጥሮ በቆሎ ቢዘራበት ኖሮ ልቀቱ ወደ ታች ይወርድ ነበር።

ከቅጠሉ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ደግሞ አየሩ ላይ ይወሰናል። በቀን ብርሃን ሃይድሮክሲል የተባለው ኃይለኛ ሞለኪውል አይሶፕሪንን በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላዋል። በዚህ መሐል ከመኪናና ከፋብሪካ የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ካለ፣ የአይሶፕሪኑ ስብርባሪ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል፤ ፀሐይ ይህን ትሰነጥቀዋለች፤ የተለቀቀው የኦክስጅን አቶም ከተራው ኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ኦዞን ይሆናል። ናይትሪክ ኦክሳይዱ እንደገና ነፃ ስለሚወጣ ዑደቱ ይደጋገማል። ይህ ኦዞን ሳንባን የሚጎዳው፣ የሰብል ቅጠልን የሚያቃጥለው መሬት ወለል ላይ ያለው ነው። ከከተማ ርቆ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ (የናይትሪክ ኦክሳይድና የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የጋራ ስም) በሌለበት ጥርት ያለ አየር፣ አይሶፕሪን ኦዞንን ራሱን ሊቀንስ ይችላል። ዛፉ ያው ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ!

የአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ አየር በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሲጠና ይህ በግልጽ ታየ። የዛፎቹ ልቀት ሳይቆጠር ቀርቶ ስለነበር፣ የነዳጅና የፋብሪካ ሃይድሮካርቦንን (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ጋዞችን) ብቻ መቀነስ ኦዞኑን እንደታሰበው አያወርደውም፤ መቀነስ የነበረበት ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ነበር። ዛፍን መውቀስ አያስፈልግም። ሆኖም መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ሺህ ችግኝ ሲተከል አነስተኛ ልቀት ያለውን ዝርያ መምረጥ ተገቢ ነው።

ሌላው ጉዳይ ብናኝ ነው። ሞኖተርፒንና አይሶፕሪን አየር ውስጥ ሲሰባበሩ ወደ ደቃቅ ብናኝ የሚለወጡ ውህዶች ይፈጥራሉ፤ በበጋ ከሩቅ ተራሮች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ብናኙ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፣ ለደመና ጠብታም ዘር ይሆናል፤ ማለትም ያቀዘቅዛል። በሌላ በኩል አይሶፕሪን ሃይድሮክሲልን ሲሻማ ሚቴንን የሚያጠፋው ስለሚያንስ የሚቴኑ ዕድሜ ይረዝማል፤ ይህ ደግሞ ያሞቃል።

ትንበያ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ልቀቱን ከፍ ሲያደርገው፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር በቅጠሉ ውስጥ የአይሶፕሪኑን ምርት ይጫነዋል። ቀላል ድርቅ ቅጠሉን ስለሚያሞቀው ልቀቱን ያንረዋል፤ ሲከፋ ግን ፎቶሲንተሲስ ይቆማል፣ ልቀቱም አብሮ ይወድቃል። ቅርፊት በሚበሳ ጥንዚዛ የተጠቃ ጥድ ደግሞ ሙጫውን ሲያፈስ ሞኖተርፒኑ ያሻቅባል። ልቀቱን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች መነሻ የሚያደርጉት በ30 ዲግሪ ሙቀትና በደማቅ ብርሃን የተለካን መደበኛ ልቀት ነው፤ ያ ቁጥር ከተሳሳተ ዝርያ ከተወሰደ፣ ከሱ የሚሰላው ኦዞንም ሆነ ብናኝ አብሮ ይሳሳታል።