የገና ኮዚ ሚስተሪ ምንድን ነው?

ኮዚ ሚስተሪ ሰው የሚገደልበት፣ ደም ግን የማይታይበት የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ግድያው ከአንባቢው ዓይን ርቆ ይፈጸማል፤ እኛ የምንደርሰው ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው። የሥቃይ ዝርዝር የለም፣ የመኝታ ቤት ትዕይንት የለም፣ ስድብም እምብዛም አይሰማም። ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ትንሽ ከተማ ወይም መንደር ነው። ምስጢሩን የሚፈታው ደግሞ ፖሊስ ሳይሆን አማተር መርማሪ ነው፦ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ አበባ ሻጭ። ገዳዩ በመጨረሻ ይታወቃል። ይህ ሁሉ በገና ሰሞን ሲሆን ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ብዙ አንባቢ አለው።

ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው የሚንቁት አሉ። አልስማማም። በደንብ የተሠራ ኮዚ አብረን የምንኖረውን ሰው ምን ያህል እናውቀዋለን የሚለውን ጥያቄ ያህል የሚያስጨንቀው ነገር የለም፤ ይህን ጥያቄ ለማንሳት ደግሞ ከገና የተሻለ ሰሞን አይገኝም።

ሥሩ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበረችው ብሪታንያ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ አማተር መርማሪዋን ሚስ ማርፕልን ያስተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1927 በታተመ አጭር ልብ ወለድ ሲሆን፣ ባለታሪኳ ያለችበት የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ በ1930 ወጣ። ሚስ ማርፕል ያላገባች አሮጊት ናት፤ ሹራብ እየሠራች የሰው ወሬ ታዳምጣለች፤ የምትኖረውም ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል ደራሲዋ በፈጠረቻት መንደር ነው። ችሎታዋ ማመሳሰል ነው። አንድ የተከበረ ተጠርጣሪ ስታይ ድሮ በመንደሯ ያታለለ ሰው ትዝ ይላታል፤ የሰው ጠባይ የትም አንድ ነው ብላ ታምናለችና። ዛሬ የምናነባቸው አማተር መርማሪዎች ሁሉ የእርሷ ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን ደራሲዎቹ ለራሳቸው ሕግ አወጡ። ቄስና ደራሲ የነበረው ሮናልድ ኖክስ በ1929 አሥር ትእዛዛት ጻፈ፦ ወንጀለኛው ታሪኩ ብዙ ሳይገፋ መጠቀስ አለበት፣ መንፈስና ተአምር መፍትሔ አይሆኑም፣ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ አይፈቀድም። በ1930 የተመሠረተው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዎች ማኅበር ዲቴክሽን ክለብም አባላቱን ዋና ፍንጭ ከአንባቢ ላለመደበቅ ያስምል ነበር። ኮዚ እስከ ዛሬ የሚኖረው በዚህ መሐላ ነው፤ መርማሪዋ ያየችውን አንባቢውም አይቶታል፣ ልዩነቱ እርሷ ማስተዋሏ ብቻ ነው።

ግን ለምን አማተር? የፍተሻ ፈቃድ የላትም፣ ቤተ ሙከራ የላትም፣ መሣሪያ አልታጠቀችም። ያላት የሰዎችን ልማድ ማወቅ ነው። አንድ አዛውንት በገና ዋዜማ ደረጃ ላይ ወድቀው ሞተው ተገኙ እንበል። ፖሊስ አዳልጧቸው ነው ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ሰውየው ዓመቱን ሙሉ በየሐሙሱ አንድ ዳቦ ብቻ ይገዙ እንደነበር፣ በዚያ ሳምንት ግን ሦስት እንደወሰዱ ታስታውሳለች። እንግዳ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው። ማንን? ለምንስ ለማንም አልተናገሩም? ይህ ፍንጭ በየትኛውም የፖሊስ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው። ኮዚ የሚቆመው እንዲህ ባለው የልማድ መዛነፍ ላይ ነው። መርማሪዋ ነገሩ ውስጥ የምትገባበት ምክንያትም ያስፈልጋታል፤ ብዙ ጊዜ የተጠረጠረው ወዳጇ ነው፣ ወይም ራሷ ናት። ደራሲው እርሷን ብልህ ለማድረግ ሲል ፖሊሱን ሞኝ ካደረገው ግን መጽሐፉ ይረክሳል።

አሁን ወደ ገና። በደካማ መጽሐፍ ገና ጌጥ ነው፦ መብራት፣ በረዶ፣ ኩኪስ፣ ድመት። በጎበዝ ደራሲ እጅ ግን የታሪኩ ሞተር ነው። ለዓመታት ርቆ የኖረ ወንድም ይመለሳል፤ አብሮትም ያልተከፋፈለ ውርስና ያልተረሳ ቂም ይመጣል። በረዶው መንገዱን ሲዘጋ ገዳዩ ከውጭ የመጣ ሌላ ሰው ነው የሚለው ማጽናኛ ያበቃል፤ ገዳዩ ማዕዱ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነው። የገና አባት ልብስ ለብሶ ያለፈው ማን እንደነበር ማንም እርግጠኛ አይደለም። የተጠቀለለ ስጦታ ውስጥ ምንም ነገር መደበቅ ይቻላል። የመዝሙር ልምምዱ፣ ባዛሩና ጸሎቱ ሰዓት ስላላቸው ደግሞ ማን መቼ የት እንደነበረ አንድ በአንድ ማጣራት ይቻላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የደስታ ግዴታው ነው። የሚጠላሉ ሰዎች በዓል ነውና ፈገግ ማለት አለባቸው። ክሪስቲ በ1938 ባወጣችው የገና ልብ ወለድ ውስጥ መርማሪው ፖይሮ የሚከራከረው ይህንኑ ነው፤ በገና ሰዎች ያልተሰማቸውን ፍቅር ለማሳየት ራሳቸውን ያስጨንቃሉ ይላል። ያ መጽሐፍ ግን ደም የበዛበት ነው። የእህቷ ባል ግድያዎችሽ ከልክ በላይ ለስላሳ እየሆኑ ነው ብሎ ስላማረረ ሆን ብላ ለእርሱ የጻፈችው ነው።

ገናና ምስጢር አብረው መሄድ የጀመሩት ከዚያም በፊት ነው። አርተር ኮናን ዶይል በጥር 1892 ባሳተመው አጭር ታሪክ ውስጥ የተሰረቀ የከበረ ድንጋይ የሚገኘው ለገና በታረደ ዝይ ሆድ ውስጥ ነው። ልማዱ ዛሬም አልሞተም። መንገደኞች በገና ዋዜማ በረዶ ይዟቸው ከባቡር ወርደው ሰው በሌለበት ቤት የሚጠለሉበትን የ1937 ልብ ወለድ ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2014 እንደገና ሲያሳትመው ማንም ያልጠበቀው ገበያ አገኘ።

ተከታታይ መጻሕፍት አንድ ችግር አለባቸው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስንት ሰው ሊገደል ይችላል? ከ1984 እስከ 1996 በታየው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ አማተር መርማሪዋ ጄሲካ ፍሌቸር የምትኖርባት፣ በሜን ግዛት እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረችው ከተማ ካቦት ኮቭ በዚህ የተነሳ መተረቻ ሆናለች። ብዙዎቹ ደራሲዎች መርማሪዋን ጉዞ ይልኳታል ወይም ሟቹን ከሌላ ቦታ ያመጡታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሟቹ ነው። ብዙ ኮዚዎች ሁሉም የሚጠላውን ሰው ይገድላሉ፤ ተጠርጣሪው ይበዛል፣ አንባቢውም አያዝንም። ይህ አቋራጭ ነው። የሚሻለው ቢያንስ አንድ ሰው ከልቡ የሚያለቅስበት መጽሐፍ ነው። ጥፋተኛውም ጎረቤት ስለሆነ ፖሊስ ከወሰደው በኋላ እናቱ እዚያው ከተማ ትቀራለች። ኮናን ዶይል በዚያ የ1892 የዝይ ታሪክ መርማሪው ሼርሎክ ሆልምስ ሌባውን ወቅቱ የይቅርታ ነው ብሎ እንዲለቀው አድርጓል። ያ ግን ስርቆት ነበር፤ ነፍስ ሲጠፋ እንዲህ ማለት አይቻልም። ደራሲው ከተማዋ ያችን እናት በገና ማግስት እንዴት እንደምትቀበላት መጻፍ አለበት።